በ1760ዎቹ የተቋረጠ የዘር ሐረግ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኩቤክ ተወላጅ ናት፤ የቤተሰቧ ስም ቦልዩ ነው። ለልጆቻችን ብዬ ሐረጓን በጋብቻ መዝገብ እየተከተልኩ ወደ ኋላ ሄድኩና በ1760ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያገባ አንድ ቦልዩ ላይ ደረስኩ። ጽሑፉ ወላጆቹን ይጠራል፤ የእነሱን ጋብቻ ግን ባስስ ባስስ የለም። መዝገቡ ተቃጥሎ ይሆን? ከፈረንሳይ የመጣውን ሰውስ ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ እሳቱን ይተዉት። በ1640 የኩቤክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ መዝገቡ ጠፍቷል፤ ኋላ ሰው ባስታወሰው መጠን እንደገና ተጻፈ። ከ1679 ወዲህ ግን መዝገብ በሁለት ቅጂ ይያዝና አንዱ ለፍርድ ቤት ይገባ ስለነበር፣ አንዱ ቢጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ይገኛል። የእርስዎን ሰዎች የደበቃቸው ስሙ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ሁለት ስም ነበረው፤ በመካከላቸው «ዲ» ትገባለች፣ «የሚባለው» እንደ ማለት ነው። በ1665 ከፈረንሳይ የመጣው የካሪኛን ሳሊዬር ክፍለ ጦር ወደ 1,200 ገደማ ወታደር ነበረው፤ ወታደሮቹም የጦር ስም ያወጡ ነበር። ከእነሱ 400 ያህሉ አገሩ ውስጥ ሲቀሩ ስሙም አብሮ ቀረ። «ኡዶን ዲ ቦልዩ» ከሚባል ቤት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ኡዶን፣ ሌላው ቦልዩ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ኡዶን ብለው ይፈልጉ፤ ግን ቦልዩን የያዙ ዝምድና የሌላቸው ሌሎች ቤተሰቦችም ስላሉ ባገኙት ኡዶን ላይ አይደምድሙ።

ማረጋገጫዎ ሚስትየዋ፣ ማለትም የዚያ ሙሽራ እናት ናት። ሴት ባገባችም በመዝገቡ የምትጠራው በአባቷ ቤተሰብ ስም ነው፤ እሱ እንደ ባልየው ስም አይዋልልም ማለት ይቻላል (ፊደሉ ግን ይለዋወጣል፣ ቄሱ እንደሰማ ነበር የሚጽፈው)። የባልን የቤተሰብ ስም ትተው በሚስትየዋ ሙሉ ስምና በባልየው መጠሪያ ብቻ ይፈልጉ። ከዚያ የልጆቻቸውን የጥምቀት ጽሑፍ ሁሉ ያውጡ፤ ከስምንት ወይም ከአሥር ልጆች በአንዱ ላይ ቄሱ ሁለቱንም ስም አያይዞ ጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። ጋብቻ በብዛት የሚፈጸመው በሙሽራዋ አጥቢያ ስለሆነ የባልየውን መንደር ብቻ አይቆፍሩ።

አሁንም ካልተገኘ፣ ባልየው ሚስቱ ሞታበት እንደገና አግብቶ እንደሆነ ይመርምሩ። በሁለተኛ ጋብቻ ላይ ቄሱ በወላጆቹ ፋንታ የሟቿን ስም ብቻ ሊጽፍ ይችላል፤ ወላጆቹ ያሉት በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ነው። የውል አዋዋዮች የጋብቻ ውልም ወላጆችን ይጠራል፤ ግን ውል ተፈራርመው ሳይጋቡ የቀሩ ስላሉ ውሉ ብቻውን ጋብቻን አያረጋግጥም። በቀብር ጽሑፍ ላይ ያለውን ዕድሜ ብዙ አይመኑት። የሞተ ልጅ ስም ለተከታዩ መስጠትም የተለመደ ነበር፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ከተጠመቀ የመጀመሪያውን ቀብር ይፈልጉ።

አንድ ችላ የሚባል ፍንጭ አለ። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ካቶሊኮች ያን ጊዜ እስከ አራተኛ ደረጃ ይቆጥሩ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ያሉ ዘመዳሞች ለመጋባት ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። «የሦስተኛ ደረጃ ፈቃድ» ካዩ ሙሽሮቹ ቅድመ አያት ይጋራሉ ማለት ነው፤ የጠፋብዎት ቅርንጫፍ በሌላኛው ሙሽራ ወገን ሊገኝ ይችላል።

የመዝገቦቹን ምስል ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያያሉ። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የታሪካዊ ሥነ ሕዝብ ምርምር ፕሮግራም ቤተሰቦችን እያገናኘ ያዘጋጀው የመረጃ ቋት በክፍያ ነው፤ ሁለቱን ስሞች ስለሚያያይዝ ለእርስዎ ችግር ክፍያው አያስቆጭም። ከ1871 እስከ 1890 በሰባት ቅጽ የወጣው የአባ ታንጌ የቤተሰቦች መዝገበ ቃላት ጠቋሚ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ስህተት አለበት።

ከፈረንሳይ የመጣው ሰው ኩቤክ ውስጥ ካገባ የጋብቻ ጽሑፉ የትውልድ አጥቢያውንና ሀገረ ስብከቱን ብዙ ጊዜ ይናገራል። ሁለቱንም ይያዙ፤ «ቅዱስ ማርቲን» የሚባል አጥቢያ በፈረንሳይ የትም አለ፤ የሚለየው «የላ ሮሼል ሀገረ ስብከት» የሚለው ነው። ከዚያ ወደዚያው አውራጃ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ይግቡ፤ መጀመሪያ ግን የዚያ አጥቢያ መዝገብ ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር ይመልከቱ፤ ሰውየው ከተወለደ በኋላ የሚጀምር ከሆነ ጥምቀቱን እዚያ አያገኙትም።