የሬይ አለን ሶስት ነጥብ ዋንጫውን አልወሰነችም
አይ፣ የNBA (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ዋንጫውን የወሰነችው የማያሚው ሬይ አለን ሶስት ነጥብ ናት ወይ ላልከው፣ ጨዋታውን 95 ለ 95 አቻ ነው ያደረገችው። እ.ኤ.አ. 2013 ማያሚና ሳን አንቶኒዮ በተገናኙበት ፋይናል (ቀድሞ 4 ጌም ያሸነፈ ነው ዋንጫ የሚወስደው) 6ኛው ጌም ላይ 5.2 ሰከንድ ሲቀር ገባች፣ ከዛ ማያሚ በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 100 አሸነፈ፣ ዋንጫው ግን 7ኛው ጌም ላይ ነው የመጣው፣ 95 ለ 88።

ለኔ ከሹቷ ሪባውንዱ (የተሳተችውን ኳስ መልቀሙ) ይበልጣል። የሳን አንቶኒዮ አሰልጣኝ ፖፖቪች ረጅሙን ተጫዋቹን ደንከንን አስወጥቶታል፣ የማያሚው ሌብሮን ሳተ፣ የቡድን ጓደኛው ቦሽ ኳሷን ለቀም አርጎ ለአለን ሰጠው፣ አለን ደግሞ ወደ ኋላ እየሄደ ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ላይ ጠበቃት (ሳን አንቶኒዮ ዋንጫውን ሊወስድ ነው ብለው ለሽልማቱ ሜዳው ዳር ገመድ ሁሉ አውጥተው ነበር እኮ!)

ብቻ ሃይላይት አይተህ እንዳትከራከር፣ እኔ እንደዛ አርጌ ጓደኞቼ ስቀውብኛል። 28 ሰከንድ ሲቀር ጀምረህ እየው፣ ሳን አንቶኒዮ በ5 እየመራ ነው፣ ከዛ የነሱው ካዋይ ሌናርድ ከ2 ፍሪ ትሮው (የቅጣት ውርወራ) አንዱን ይስታል። በዓመቱ ደሞ ሳን አንቶኒዮዎች ፋይናሉን በጌም 4 ለ 1 አሸንፈው ማያሚን ተበቀሉ።