ከቁጥሩ በፊት ሴሉን እወቁ፤ ለወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በአዳማ በላቦራቶሪ ሙያ ረጅም ዘመን እንዳገለገለ ሰው፣ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡት አጥብቄ የምመክራችሁ የነጭ የደም ሴልን ቁጥር ከመመዝገባችሁ በፊት ሴሉ የት እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚበስልና ምን ያህል እንደሚኖር ጠንቅቃችሁ እንድታውቁ ነው። ማሽኑ ሲቢሲውን፣ ማለትም የደም ሴሎችን ቆጠራ፣ በደቂቃ ውስጥ አትሞ ይሰጣችኋል፤ የሚነግራችሁ ግን ናሙናው በተቀዳበት ሰዓት በደም ሥር ውስጥ የነበረውን እንጂ በመቅኔ፣ በጣፊያና በሊምፍ ዕጢዎች የሚካሄደውን አይደለም።

የደም ሴሎች ሁሉ የሚነሡት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ሌሎች ሴሎችን ከሚያስገኙ እናት ሴሎች፣ ነው። ከእነርሱ የሚወጣው ኒውትሮፊል የተባለው ባክቴሪያን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ የጤናማ አዋቂ ሰው መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮፊል ያመርታል። ባክቴሪያ ሳንባን ሲወርር መልእክቱ እስከ መቅኔው ይደርሳል፤ የበሰሉት ተጠርተው ሲያልቁም ያልበሰሉት ይወጣሉ። በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ስላይድ (ደሙ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት መስታወት) ላይ ኒውክሊየሱ (የሴሉ አስኳል) ገና ያልተከፋፈለ፣ ጎብጦ ብቻ የሚታይ ባንድ ሴል፣ በውስጡም ደመቅ ያሉ ሐምራዊ ፍሬዎች ካያችሁ፣ መቅኔው በጥድፊያ ላይ መሆኑን ዐወቃችሁ ማለት ነው። ሕመሙ እጅግ ሲጠና ደግሞ የሚጠፋው ከሚተካው ስለሚበልጥ ጠቅላላ ቁጥሩ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ዝቅተኛ ቁጥር አይታችሁ ሕፃኑ ተሻለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል ጉዞ ከዚህ ይረዝማል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። ከመቅኔ የወጣው እጩ ሴል ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለው ታይመስ ይሄዳል። ይህ አካል ይህ ነው የሚባል ተግባር እንደሌለው ይታሰብ ነበር፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዣክ ሚለር ታይመሳቸው በተወለዱ ሰሞን የወጣላቸው አይጦች ኢንፌክሽንን መቋቋም እንደሚያቅታቸው አሳየ። በታይመስ ውስጥ እጩው ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፦ የራስን ሴሎች መለያ ምልክት ጨርሶ ማንበብ የማይችል ይሞታል፤ የራስን አካል አጥብቆ የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል። ከመቶው ከ95 የሚበልጡት እዚያው ይቀራሉ። ያም ሆኖ አደገኛ የሆኑት ሁሉ ስለማይጣሩ፣ ሌሎቹን የሚገቱ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች አሉ፤ የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብራንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በዚሁ ዘርፍ ላደረጉት ግኝት ነው።

ለአዲስ ጀርም የሚስማማው ቲ ሴልና ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጨው ቢ ሴል በመጀመሪያ ጥቂት ስለሆነ፣ ተባዝቶ እስኪደርስ ሳምንት ያህል ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ሸክሙ በኒውትሮፊልና ጀርም ዋጭ በሆነው በማክሮፋጅ ላይ ይወድቃል። ክትባት የሚጠቅመውም በሽታው ሳይመጣ የሚያስታውሱ ሴሎችን አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ ነው።

በእኛ አካባቢ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ወባ ሲበረታ፣ ስላይዱን በትዕግሥት ማየት ምን እንደሚያስገኝ ትረዳላችሁ። መድኃኒት ጀምሮ የመጣ በሽተኛ ደም ውስጥ ተውሳኩ ላይገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ቡናማ ጥቁር ቅንጣት የያዘ ሞኖሳይት የተባለ ነጭ የደም ሴል ካገኛችሁ፣ ያ ሴል ወባ ያጠቃውን ቀይ ሴል ቅሪት መዋጡን ያሳያል። ይህን ሳትጽፉ ውጤቱን አትላኩ።

በመጨረሻም ስለ መደበኛ መጠን። ከውጭ በመጡ መጻሕፍት ኒውትሮፊል በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ሲሆን እንደ ችግር ይቆጠራል። ይሁንና በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የተባለው ፕሮቲን የሌላቸው ብዙ አፍሪካውያን፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን፣ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ከዚህ በታች ሊገኙ ይችላሉ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ወደ ቀይ ሴል ለመግባት በዋናነት የሚጠቀመው ይህንኑ ፕሮቲን መሆኑንም ልብ በሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውጤት ሲገጥማችሁ የሰውየውን የቀድሞ ውጤቶች ከመዝገብ ፈልጋችሁ አነጻጽሩ፤ ስላይዱንም ራሳችሁ እዩ። ቁጥሩ ለዓመታት እንዲሁ ከነበረና ያልበሰለ ሴል ካልታየ፣ ይህንኑ በውጤት ወረቀቱ ላይ ለሐኪሙ በግልጽ ጻፉለት።