ተርሚናል ውስጥ ያለው ኮድ ረዳት ሲያስቸግር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ ክሎድ ኮድ ናቸው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ይህ ረዳት ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ሆኖ ፋይል ያነባል፣ ኮድ ይጽፋል፣ ትእዛዝ ያስኬዳል። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናል፤ “ስላሽ” ስንል ከስሙ ፊት ተጠግቶ የሚተየበው ጋደል ያለ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሥራ ስንጀምር በጣም ጎበዝ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን “ይህን ፋይል አትንካ” ያልኩትን ይረሳል፤ አስቀድሞ ያስተካከለውን ስህተትም መልሶ ያመጣዋል። ሞዴሉ እየዋለ ይደክማል?

መልስ፦ አይደክምም፤ የያዘው ንግግር ሞልቶበት ነው። እርስዎ መልእክት በላኩ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ የተባለው ሁሉ፣ የተነበቡት ፋይሎችና የትእዛዞቹ ውጤት ሳይቀሩ፣ እንደገና ለሞዴሉ ይቀርባል። ይህ የሚያዝበት ቦታ ኮንቴክስት ይባላል። በብዙ ሞዴሎች ልኩ 200,000 ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) ነው፤ ከዚያ የሰፋ የሚሰጡ ሞዴሎችም አሉ። ሊሞላ ሲቃረብ ፕሮግራሙ የቆየውን ንግግር በራሱ ያሳጥረዋል። ማሳጠሪያው የሥራውን ዋና ሐሳብ ይይዛል፤ ጠዋት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉት “አትንካ” ግን ሊቀር ይችላል።

ስላሽ ኮንቴክስት ብለው ይዩት። ቦታውን ምን እንደያዘው ለያይቶ ያሳያል፦ የመሣሪያዎች መግለጫ፣ የማስታወሻ ፋይሎች፣ ንግግሩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት ሁለት ናቸው፤ አንድ ቀን አገናኝተዋቸው የተረሱ የኤምሲፒ ሰርቨሮች (ለረዳቱ ተጨማሪ መሣሪያ የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች)፣ አለዚያም ሙሉ በሙሉ የተነበበ ግዙፍ ሎግ (ፕሮግራም የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል)። የመጀመሪያዎቹን ስላሽ ኤምሲፒ ገብተው ያጥፉ። ሎግ ሲያስፈልግ ደግሞ “የመጨረሻዎቹን 50 መስመሮች ብቻ አንብብ” ይበሉት።

አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ስላሽ ክሊር ብለው ንግግሩን ባዶ ያድርጉ። ያው ሥራ የሚቀጥል ከሆነ፣ አንድ ክፍል ተጠናቆ ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ፕሮግራም) እንዳለፈ በስላሽ ኮምፓክት ንግግሩን ያሳጥሩ፣ ከጎኑም ምን መያዝ እንዳለበት ይጻፉ፤ ለምሳሌ “የተቀየሩትን ፋይሎችና ያልተፈቱትን ስህተቶች ያዝ”። ራሱ እስኪያሳጥር መጠበቅ አይበጅም፤ አንድ ነገር በመጠገን መሐል ሊደርስብዎት ይችላል። ለዘለቄታው የሚጸኑ ደንቦች በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር በሚቀመጠው ክሎድ ነጥብ ኤምዲ ፋይል ይግቡ፤ እርሱ ሥራ በተጀመረ ቁጥር ይነበባል። አጭር ይሁን፤ የረዘመ እንደሆነ ራሱ ቦታ ይበላል፣ ደንቦቹም እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ።

“አትንካ” ግን በማስታወሻ ብቻ መተው የለበትም። ማስታወሻ ልመና ነው፤ ክልከላ የሚሆነው ሴቲንግስ ነጥብ ጄሰን በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ፣ በፐርሚሽንስ ስር ዲናይ የሚለው ዝርዝር ላይ ሲሰፍር ነው። ያኔ የሚከለክለው ፕሮግራሙ እንጂ የሞዴሉ ትዝታ አይሆንም። ሆኖም ረዳቱ የሚያስኬደው የፓይተን ወይም ሌላ ስክሪፕት በጎን ፋይሉን ሊጽፍበት ስለሚችል የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ላይ ምን እንደተቀየረ የሚያሳየውን ጊት ዲፍን ማየት አይቀርም።

ጥያቄ፦ “ቴስቶቹ ሁሉ አልፈዋል” አለኝና ኮሚት አድርጌ (ለውጡን ጊት ላይ መዝግቤ) ላክሁ። ሲአይ (የተላከውን ኮድ በራሱ የሚፈትሸው ሰርቨር) ላይ ግን ወደቁ። ይዋሻል ማለት ነው?

መልስ፦ ከመፍረድዎ በፊት የትኛውን ትእዛዝ እንዳስኬደ ይዩ። ኮንትሮል ኦ ሲጫኑ ዝርዝሩ ይከፈታል። ተርሚናሉን ዘግተውት ከሆነም መዝገቡ አልጠፋም፤ በቤት ፎልደርዎ ነጥብ ክሎድ በሚባለው ስውር ፎልደር፣ ፕሮጀክትስ ስር አለ። እያንዳንዱ መስመር ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ የሰፈረ አንድ መዝገብ ነው። ካልቀየሩት በቀር ከ30 ቀን በኋላ ይጸዳል።

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፦ ረዳቱ ውጤቱ እንዳይረዝምበት ቴስቱን በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ምልክት) የመጨረሻ መስመሮችን ብቻ ወደሚያሳየው ቴይል ያሳልፈዋል። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ባሽ የሚመልሰው መውጫ ቁጥር (0 ሲሆን ተሳክቷል፣ ሌላ ሲሆን ወድቋል) የመጨረሻውን ትእዛዝ ነው። ቴስቱ ወድቆ 1 ቢመልስም ቴይል ሥራውን ጨርሶ 0 ይመልሳል፤ ረዳቱ ያየው 0ን ነው። ቴስት በፓይፕ እንዳያሳልፍ ክሎድ ነጥብ ኤምዲ ላይ ይጻፉ፣ ወይም ፓይፕፌይል የሚባለውን የባሽ አማራጭ ያብሩ።

እርሱ ካልሆነ ጊት ስታተስን ይዩ። አዲስ የፈጠረው ፋይል ጊት ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስላለ ቴስቱ ያልፋል፤ ሲአይ ጋ ስለሌለ ይወድቃል። ከዚያ በቴስት ፎልደሩ ላይ ጊት ዲፍ ያድርጉ፤ ኮሚት አድርገው ከሆነ ከቀደመው ኮሚት ጋር ያነጻጽሩ። ኮዱን በማስተካከል ፈንታ ቴስቱን ያላላ፣ ወይም “ዝለለው” የሚል ምልክት የለጠፈ እንደሆነ እዚያ ይታያል። ይህን ሳያዩ ኮሚት ማድረግ በእኛ እምነት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ዘላቂው መፍትሔ ሁክ ነው። ስቶፕ የሚባለው ሁክ ረዳቱ “ጨረስኩ” ሊል ሲል ራሱ የሚነሣ ስክሪፕት ነው፤ ቴስቱን በዚያ ያስኬዱ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ ከመውጫ ቁጥሮች ረዳቱን ከማቆም የሚያግደው 2 ብቻ ነው። አብዛኞቹ የቴስት ፕሮግራሞች ሲወድቁ የሚመልሱት 1 ስለሆነ ሁኩ ተነሥቶም ምንም ሳያግድ ያልፋል። ስክሪፕትዎ የቴስቱን ውድቀት ወደ 2 ይቀይር፣ የስህተቱንም ጽሑፍ ወደ ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክት መውጫ) ይላክ፤ ረዳቱ የሚያነበው ያንን ነው። ለሁኩ በሚደርሰው ጄሰን ውስጥ ስቶፕ ሁክ አክቲቭ የሚል መስክ አለ፤ እውነት ሆኖ ሲገኝ ስክሪፕቱ በ0 ይውጣ። አለዚያ ሊስተካከል በማይችል ቴስት ላይ ማብቂያ የሌለው ዙር ውስጥ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ መሐል ላይ ይቆምና ምልክቱ ብቻ ይሽከረከራል። ኔትዎርክ ነው ወይስ ፕሮግራሙ?

መልስ፦ የቆመው የባሽ ትእዛዝ ላይ ከሆነ ኔትዎርኩን ይተዉት። ወይ ትእዛዙ የይለፍ ቃል ወይም የ“አዎ/አይ” መልስ ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ ፈጽሞ የማያበቃ የዴቨሎፕመንት ሰርቨር ነው። ልዩ ቅንብር ከሌለ አንድ ትእዛዝ የሚሰጠው ጊዜ 2 ደቂቃ ነው። ኤስኬፕ ቢጫኑ ሥራው ይቋረጣል፣ ንግግሩ ግን አይጠፋም። ሰርቨር ከሆነ በኮንትሮል ቢ ወደ ኋላ ይላኩት፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን በሌላ ተርሚናል ራሳችሁ አስኪዱት።

የሞዴሉን መልስ እየጠበቀ ከሆነ የሚመጣውን ቁጥር ያንብቡ። 529 ሰርቨሩ ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ከመጠበቅ ሌላ የሚያደርጉት የለም። 429 የራስዎ የአጠቃቀም ጣሪያ ላይ ደርሰዋል ማለት ነው። 401 የመግቢያ ወይም የቁልፍ ችግር ነው። መስመሩ ተቋርጦ ከሆነ በዚያው ፎልደር ሆነው በኮንቲኒው አማራጭ ይክፈቱት፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤል የምትጠቀሙ ሰዎች ፕሮጀክቱን ከሲ ድራይቭ አውጥታችሁ የሊኑክሱ ቤት ፎልደር ውስጥ አድርጉት። አለዚያ ፍለጋው ይዘገያል፣ ያሉ ፋይሎችንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ በቡድን እንሠራለን። ወጪውን ማን በምን እንዳወጣው አናውቅም። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈለ የኤፒአይ (በተጠቀሙበት ቶክን ልክ የሚከፈልበት መንገድ) ሂሳብም ይመጣበታል።

መልስ፦ የባልደረባችሁ ቀላል ነው። ሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ውስጥ የአንትሮፒክ ኤፒአይ ቁልፍ የያዘ ቬሪያብል ቀርቶበታል። ቁልፉ ካለ ከወርኃዊው አካውንት ቀድሞ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል። ስላሽ ስታተስ በየትኛው እንደገባ ያሳየዋል፤ ቬሪያብሉን ያጥፋና እንደገና ይግባ።

ለቡድኑ የአጠቃቀም መለኪያዎችን የሚልከውን ኦፕን ቴሌሜትሪን አብሩ። የክሎድ ኮድ ኢኔብል ቴሌሜትሪ ቬሪያብል 1 ይሁን፤ የመለኪያ መላኪያውን መጀመሪያ ኮንሶል አድርጋችሁ ቁጥሮቹ ተርሚናል ላይ መውጣታቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ወደ ፕሮሜቲየስ (መለኪያ ሰብሳቢ ፕሮግራም) ወይም ወደ ኦቲኤልፒ (የኦፕን ቴሌሜትሪ መላኪያ ደንብ) ቀይሩት። መለኪያዎቹ በየ60 ሰከንዱ ነው የሚላኩት። “አይሠራም” የሚሉን ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ዘግተውት ነው፤ ለሙከራ ወደ 10 ሰከንድ አውርዱት።

ቶክን በአራት ተከፍሎ ይመጣል፦ የገባ፣ የወጣ፣ ከካሽ (እንደገና እንዳይሰላ ተይዞ ከሚቆየው ጽሑፍ) የተነበበ፣ ካሽ ላይ የተጻፈ። ከካሽ የተነበበው ግዙፍ ቢሆን አትደንግጡ፤ ዋጋው ከተራው የገባ ቶክን አንድ አሥረኛ ነው። የሚያሳስበው የተጻፈው ከተነበበው ጋር ሲቀራረብ ነው። የወጪው ቁጥርም ግምት ነው፤ ትክክለኛው የሚገኘው አካውንቱ ላይ ካለው ሂሳብ ነው። ሠራተኛው የሚጽፈው ጥያቄ ካልፈቀዳችሁ በቀር አይላክም፣ ርዝመቱ ብቻ ይላካል። እንደዚያው ተዉት፤ ምን እንደሚለካም ለባልደረቦቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ድረ ገጽ እሠራለሁ። “ፀሐይ የሚለውን ሁሉ ቀይር” ስለው ግማሹን ይተዋል። አማርኛ ላይ ቶክንም ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ ረዳቱ ፍለጋውን የሚያደርገው ፊደልን በፊደል እያመሳከረ ነው። ለእኛ አንድ የሆኑት ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። የፍለጋ ንድፉን ራስዎ ይስጡት፦ [ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ። በአራት ነጥብም ይጠንቀቁ፤ ብዙ ጽሑፍ ውስጥ ያለው “።” ሳይሆን ሁለት ጊዜ የተጻፈ “፡” ነው። ሁለቱንም እንዲፈልግ ይንገሩት።

እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ያው ሐሳብ በአማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቶክን ይፈጃል። የገጹን ጽሑፍ ከኮዱ ለይተው በሌላ ፋይል ያስቀምጡ፤ ረዳቱ የሚፈልገውን መስመር እንጂ ፋይሉን ሙሉ እንዳያነብ።

ተርሚናሉ ላይ ባዶ ሳጥን ከታየዎት ፋይሉ አልተበላሸም፤ ፎንት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጫኑ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ጊት ላይ በቁጥርና ወደ ኋላ ባጋደለ መስመር ተተክቶ ሲታይ ረዳቱም “ፋይሉ የለም” ሊል ይችላል፤ በጊት ቅንብር ኮር ነጥብ ኩዎትፓዝ የሚለውን ፎልስ ቢያደርጉት ስሙ በፊደሉ ይመጣል።