ካርድሽ ደህና ነው፤ ባንኩ የሚያውቅሽ ግን በድሮ ቤትሽ ነው

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ካርዱ ገንዘብ አለው፣ ቁጥሩም ትክክል ነው፣ ሱቁ ግን እምቢ ይላል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ለአንድ የኦንላይን ሱቅ አጠራጣሪ ትዕዛዞችን የማጣራት ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። ከእምቢ ባዮቹ ወገን ነበርኩ ማለት ነው። አንዳንዶቻችሁ ሳታውቁኝ ረግማችሁኝ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ከተዛወርኩ ገና ጥቂት ወራት ነው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ላፕቶፕ ኦንላይን አዘዝኩለት። ለፋሲካ አገር ቤት የምትሄደው ጓደኛዬ ሃያትስቪል ስለምትኖር ዕቃው በቀጥታ እሷ ቤት እንዲደርስ አደረግሁ። ሱቁ ‹የቢሊንግ አድራሻው አይገጥምም› ብሎ ሰረዘው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ሰረዘ። አሁን ዴቢት ካርዴ ላይ 640 ዶላር ሁለት ቦታ ‹ፔንዲንግ› ይላል። ላፕቶፑም የለም፣ ገንዘቡም የለም! አድራሻ መቀየሬን ፖስታ ቤት አስመዝግቤያለሁ። የሚገርመው፣ ነዳጅ ስቀዳ ማሽኑ ዚፕ ኮድ (የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር) ሲጠይቀኝ ከልማድ የድሮውን 22304 አስገባለሁ፤ ይሠራል። ጉዱ ምንድን ነው?»

እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ማደያው በ22304 ነዳጅ ከቀዳልሽ ባንክሽ ዛሬም አሌክሳንድሪያ የምትኖሪ ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ ሱቁ ላይ የሲልቨር ስፕሪንጉን 20910 ጻፍሽ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ግን አይገጥሙም።

ፎርሙ ላይ «ቢሊንግ አድራሻ» ሲልሽ የት እንደምትኖሪ እየጠየቀሽ አይደለም። ባንኩ መዝገብ ላይ ምን እንደተጻፈ ነው የሚጠይቅሽ። እዚህ ላይ የማይሳሳት አበሻ የለም ብል አላጋነንኩም። ቤዝመንት ተከራይተን እንኖራለን፣ ደብዳቤያችን የአጎታችን ልጅ ቤት ይሄዳል፣ መንጃ ፈቃዳችን ላይ ሌላ አድራሻ አለ፣ ባንኩ ደግሞ መጀመሪያ አገሩ ስንገባ ያረፍንበትን ቤት ይዞ ተቀምጧል።

ፖስታ ቤቱም ደብዳቤሽን ያዞርልሻል እንጂ የባንክሽን መዝገብ አይቀይርልሽም። እንዲያውም ኦንላይን አድራሻ ስትቀይሪ ፖስታ ቤቱ ከአንድ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ሂሳብ በካርድ ይቀበላል። ያችን ዶላር ፈልጎ አይደለም። የካርድሽ አድራሻ ከድሮው ወይም ከአዲሱ ቤትሽ ጋር መግጠሙን አይቶ በእርግጥ አንቺ መሆንሽን ለማረጋገጥ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ልንገርሽ። «ግዛ» የሚለውን ስትጫኚ ሱቁ የካርድ ቁጥሩንና አድራሻውን ለባንክሽ ይልካል። ባንኩ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው ገንዘቡ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው። ሁለተኛው ስለ አድራሻው ሲሆን በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚመጣው። «ዋይ» ከሆነ የቤት ቁጥሩም ዚፕ ኮዱም ገጥመዋል። «ዜድ» ከሆነ ዚፕ ኮዱ ብቻ ገጥሟል። «ኤ» ከሆነ የቤት ቁጥሩ ብቻ። «ኤን» ከሆነ አንዱም አልገጠመም። ይህን ማመሳከሪያ የሥራው ሰዎች ኤቪኤስ ይሉታል። የሚያየው ቁጥሮቹን ነው። የመንገዱን ስም ፊደል ብታሳስቺ ግድ የለውም፤ የቤት ቁጥሩን ብታሳስቺ ግን አለቀ። ለዚህ ነው የቤት ቁጥሩን መጀመሪያ፣ የአፓርትመንቱን ቁጥር ደግሞ በሁለተኛው መስመር መጻፍ የሚያዋጣው። የአፓርትመንት ቁጥር ከፊት ከገባ ማሽኑ የቤት ቁጥር ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል።

ያንቺ ባንክ «ገንዘቡ አለ» ብሎ 640 ዶላሩን ለብቻ አስቀመጠው። በዚያው ቅጽበት ስለ አድራሻው «ኤን» አለ። እምቢ ያለው ሱቁ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ተይዟል እንጂ አልተወሰደም። ስትደግሚው ሌላ 640 ተያዘ። ሦስተኛ ብትሞክሪ ሌላ ይያዝ ነበር። እባክሽ በቃሽ።

የተያዘው እንደ ባንኩ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ ራሱ ይለቀቃል። የቤት ኪራይ ቀን ከደረሰብሽ ግን አትጠብቂ። ሱቁ ጋ ደውይና ሁለቱንም ትዕዛዞች እንዲሰርዝ ብቻ ሳይሆን ለባንኩም የመልቀቂያ መልእክት እንዲልክ ጠይቂ። የአውቶራይዜሽን ቁጥሩንም፣ ማለትም ባንኩ ገንዘቡን ሲይዝ ለሱቁ የሰጠውን ቁጥር፣ ተቀበይ። ያንን ቁጥር ይዘሽ ባንክ ስትደውዪ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ባዶ እጅሽን ከደወልሽ «ሱቁን ጠይቂ» ይሉሻል፣ ሱቁ «ባንክሽን ጠይቂ» ይልሻል፣ ስትመላለሺ ይመሻል።

ከዚያ የባንክሽን አፕ ክፈቺና አድራሻሽን ቀይሪ። የሌላ ባንክ ክሬዲት ካርድ ካለሽ እዚያም ለብቻው መቀየር አለብሽ፤ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ለውጡ ሲስተሙ ውስጥ እስኪገባ አንድ ሁለት ቀን ታገሺ። መታገስ ካልቻልሽ ቢሊንግ አድራሻው ላይ የአሌክሳንድሪያውን ጻፊ። ውሸት አይደለም፤ ባንኩ ዘንድ ያለው እሱ ነው።

የጓደኛሽ ቤት ጉዳይስ? በሌላ አድራሻ ማስላክ የተፈቀደ ነው። ግን ከእኔ የቀድሞ ወንበር ሆነሽ እይው። ላፕቶፕ ነው፣ የደንበኛው አካውንት አዲስ ነው፣ ቢሊንግ አድራሻው አልገጠመም፣ ዕቃው የሚሄደው ሌላ ሰው ቤት ነው። የተሰረቀ ካርድም እንዲሁ ነው የሚመስለው። ሱቁ ልኮ የካርዱ ባለቤት «እኔ አላዘዝኩም» ቢል ሱቁ ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል፣ መቀጫም ይከፍላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ራስሽ ቤት አስመጪና ሃያትስቪል ድረስ ይዘሽላት ሂጂ። ቡናም ትጠጫለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦንላይን ስትገዢ ክሬዲት ካርድ ካለሽ በእሱ ግዢ። ዴቢት ላይ የሚያዘው የራስሽ የኪራይ ገንዘብ ነው። ክሬዲት ላይ የሚያዘው ገና ያልተበደርሽው ነው። ሕጉም ይለያያል። የአሜሪካ ሕግ ክሬዲት ካርድሽ ያለ ፈቃድሽ ቢሠራበት ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልሽም። የዴቢት ካርድሽ መጥፋቱን አውቀሽ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቅሽ ግን እስከ 500 ዶላር፣ ዝም ብለሽ ከቆየሽ ደግሞ ከዚያም በላይ ልትከፍዪ ትችያለሽ።

«አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ለስኮላርሺፕ የእንግሊዝኛ ፈተና መክፈል ነበረብኝ። ሲያትል ያለው አጎቴ የካርዱን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አድራሻ ሲጠይቀኝ የራሴን፣ ጉለሌ ብዬ ዚፕ ኮዱን 1000 ብዬ ሞላሁ። እምቢ አለ። የአጎቴን ስም ስላልጻፍኩ ይሆን?»

ስሙ አይደለም፣ እህቴ። በቪዛና በማስተርካርድ የተለመደው የአድራሻ ማመሳከሪያ ስም አያይም። አሜሪካን ኤክስፕረስ ግን ስምም ማመሳከር ይችላል። ችግሩ የካርዱ አድራሻ የአጎትሽ መሆኑ ነው። ካርዱን የሰጠው የሲያትል ባንክ ጉለሌን ከየት ያውቀዋል? የአጎትሽን የቤት ቁጥርና ዚፕ ኮድ ብታስገቢም ሌላ መሰናክል አለ፤ ካርዱ ሲያትል፣ ኢንተርኔቱ አዲስ አበባ። ብዙ ሱቆች ይህን አይተው ያቆማሉ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ፎቶው ነው። ከካርዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ሱቆች እንኳ ክፍያው ካለፈ በኋላ እንዳያስቀምጡ የካርድ ኢንዱስትሪው ደንብ ይከለክላቸዋል። አንቺ በቴሌግራም አስቀምጠሻቸዋል። ዛሬውኑ ከሁለታችሁም ስልክ አጥፉት። አጎትሽም ለባንኩ ደውሎ አዲስ ካርድ ቢጠይቅ ይሻላል። እምነት አጣሁብሽ ማለቱ አይደለም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ቴሌግራም ይጠለፋል።

ክፍያውን አጎትሽ ራሱ ከሲያትል ይፈጽም። አካውንትሽን ከፍቶ በራሱ ኮምፒውተር ይክፈልልሽ፣ አንቺ ደግሞ ወዲያው የይለፍ ቃልሽን ቀይሪ። ተፈታኝ ላይ ያንቺ ስም በፓስፖርትሽ እንዳለው ይጻፍ። ከፋይ ላይ የእሱ። ሁለቱ መለያየታቸው ችግር የለውም።

ከአዲስ አበባ ባንክ የዶላር ቅድመ ክፍያ ካርድ አውጥታችሁ «ዚፕ ኮድ ምን እንጻፍ?» ለምትሉ ሌሎች፦ 1000 ብላችሁ ጻፉና እለፉ። ይህ የአድራሻ ማመሳከሪያ በዋናነት የሚሠራው በአሜሪካ፣ በካናዳና በእንግሊዝ ባንኮች ካርድ ላይ ነው። የእናንተ ካርድ ካልሠራ መጀመሪያ ባንኩን «ለኦንላይን ተከፍቶልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ቀሪ ሂሳቡን እዩ። አድራሻውን አሥር ጊዜ መቀያየር ጥርጣሬ ነው የሚጨምረው።

«ጋሼ፣ ሻርጃ ነው የምሠራው። ለእረፍት ደሴ መጥቼ የመመለሻ ቲኬት ልቆርጥ ስል የባንኩ ገጽ በስልክ የተላከ ኮድ ይጠይቀኛል። ኮዱ የሚሄደው ኤምሬትስ ሲሜ ላይ ነው፣ እዚህ አይሠራም። አንድ ሰው ደግሞ ከባንክህ ነኝ ብሎ በዋትስአፕ ደውሎ ኮዱ ሲደርስህ ንገረኝ፣ እኔ አስተካክልልሃለሁ አለኝ።»

መጀመሪያ ያንን ሰው ብሎክ አድርገው። ሌባ ነው። ኮዱን በአፍ የሚጠይቅ የባንክ ሠራተኛ የለም።

የአንተ ጉዳይ የአድራሻ አይደለም። ኤምሬትስ ዚፕ ኮድ እንኳ የላትም፣ ሰው የሚጠቀመው በፖስታ ሳጥን ነው። ስለዚህ እዚያ ያሉ ባንኮች የሚያጣሩት በሌላ መንገድ ነው። ስትከፍል የባንኩ ገጽ ብቅ ይልና ወይ በስልክ የተላከውን ኮድ ታስገባለህ፣ ወይ በባንኩ አፕ ታጸድቃለህ። ቪዛ ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2019 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። እንግዲህ ፍራንክፈርት ያለ ሰውም ሲሙን ቤት ትቶ ቢመጣ እንዳንተ ይቸገራል። አሠራሩ ለሱቁ ጥሩ ነው፤ ባንኩ አረጋግጦ ካለፈ በኋላ ካርዱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የባንኩ እንጂ የሱቁ አይደለም።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። የባንክህ አፕ ስልክህ ላይ ካለ ኮዱ በአፑ መምጣት ይችል እንደሆነ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ፈልግ። ብዙ ባንኮች ወደዚያ እየሄዱ ነው። አፑን ገና ዛሬ ልትጭን ከሆነ ግን ራሱ ለማስጀመር በዚያው ሲም ኮድ ሊልክልህ ይችላል፣ እዚያው ክብ ውስጥ ትገባለህ። ያኔ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትበር ከሆነ ቢሮው ሄደህ በብር ቁረጥ። በሚቀጥለው ስትመጣ ከመሳፈርህ በፊት እዚያው ሻርጃ ሆነህ የሲሙን ሮሚንግ አስከፍት።

«እስራኤል፣ ነታንያ ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። እዚህ አገር ኦንላይን ስገዛ ሁልጊዜ የተዑዳት ዘሁት (የመታወቂያ) ቁጥሬን ይጠይቁኛል። ከአንድ የአሜሪካ ሱቅ ለልጅ ልጄ ጫማ ልገዛ ስል ግን ያንን አልጠየቀኝም፣ ዚፕ ኮድ ብቻ። አጭበርባሪ ይሆን?»

እርስዎ የጠረጠሩት ጥሩ አድርገው ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አጭበርባሪ አይባልም። የመታወቂያ ቁጥር ጠይቆ ካርድ ማረጋገጥ የእስራኤል ልማድ ነው። የአሜሪካ ሱቅ ያንን ቁጥር የሚያመሳክርበት ቦታ የለውም። እንዲያውም አንድ የውጭ ሱቅ ካርዱን ለማረጋገጥ ብሎ የተዑዳት ዘሁት ቁጥርዎን ቢጠይቅዎት ያኔ ነው መጠርጠር ያለብዎት። ዚፕ ኮዱ ላይ ባለ 7 አሃዙን የእስራኤል ፖስታ ቁጥር ያስገቡ። ሳጥኑ 5 አሃዝ ብቻ የሚቀበል ከሆነ መጀመሪያ ከላይ አገሩን «እስራኤል» ብለው ይምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ራሱ ይስተካከላል። የጫማው ቁጥር የአሜሪካ መሆኑንም ሳይከፍሉ በፊት ይዩት፤ ከአውሮፓው ጋር አንድ አይደለም።