ለኮሮላው ወንድሜ፦ የተገጨችውን መኪናህን ቅሪት ዋጋ ሳታውቅ እንዳትፈርም

ወንድሜ፣ እንኳን አንተንና ልጆቹን አተረፈ። የ2003 ሞዴል ኮሮላ፣ አይሱዙ ከፊት ገጭቷት፣ ኢንሹራንሱ አንዴ «ትሠራለች» አንዴ «ቶታል ሎስ (ከጥገና በላይ የተጎዳች) ልትባል ትችላለች» እያለ ያመላልስሃል። ገንዘቡን ተቀብዬ ሌላ ልግዛ ወይስ ላሠራት ነው እዚህ የለጠፍከው ጥያቄህ። የእኔ የ2004 ነበረች፣ የገጫትም ሲኖትራክ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ስለ ትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ስለ መንጃ ፈቃድ ኮፒ አልነግርህም፣ እሱን እነሱም ይነግሩሃል። እኔ የማይነግሩህን ልንገርህ።

1. ዛሬውኑ ውሉን አውጣና መኪናዋ በስንት ብር እንደተመዘገበች እይ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥር ላይ፣ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። የእኛ አሮጌ ቶዮታዎች ቆመው ሲውሉ ዋጋቸው ጨመረ ማለት ነው። ውላችን ግን የተጻፈበት ቁጥር ላይ ቀረ። የእኔ ወኪል እድሳት ሲደርስ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጦ «እህቴ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ነው ያለኝ። ፕሪሚየሙን (የዓመቱን ክፍያ) ለመሰብሰብ ሲሆን ግን የሚደውለው በጠዋት ነው!

ይህ ለምን ይጎዳሃል? መኪናህ ገበያ ላይ 1,800,000 ብር ታወጣለች፣ ውሉ ላይ ያለው 1,200,000 ነው እንበል። የእኔ ልክ እንደዚያ ነበር። ያኔ ኢንሹራንሱ «ሁለት ሦስተኛዋን ነው ያስገባሽው፣ ሲሶውን የምትሸከሚው ራስሽ ነሽ» ይላል። አቬሬጅ የሚሉት እሱን ነው። ጥገናው 600,000 ከሆነ 400,000 ይከፍላሉ፣ እሱም ላይ ተቀናሹ፣ ማለትም በውሉ መሠረት ራስህ የምትሸከመው ብር አለ። 200,000 ከኪስህ። በዚያ ላይ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ሲቀየር የእርጅና ብለው የሚቆርጡም አሉ። ቶታል ሎስ ከተባለች ግን እስከ ተመዘገበችበት ዋጋ ድረስ ነው ሂሳቡ። ስለዚህ ዝቅ ባለ ዋጋ የተመዘገበች መኪና ስትገጭ «ትሠራለች» የሚለው ቃል ለእነሱ ይረክሳል፣ ለአንተ ይወደዳል። አንድ ቀን «ትሠራለች» አንድ ቀን «ቶታል ነች» ሲሉህ ከጀርባ የሚሠራው ሂሳብ ይኸው ነው። ማሠራት፣ መተካት ወይም በገንዘብ መክፈል ምርጫው የእነሱ እንደሆነ ውሉ ላይ ተጽፏል። ይሁን። ግን የሚመርጡት ግምቱን አይተው ነው፣ ግምቱ ትክክል እንዲሆን ማድረግ የአንተ ፋንታ ነው።

2. መኪናዋ ሳትፈታ የወጣ የጥገና ግምት አትቀበል። ጋራዦች ሲወዳደሩ የሚያዩት ኮፈኖ፣ መብራት፣ ራዲያተር፣ ባምፐር ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፣ ከዚያ ሥራው መሃል ላይ «ሌላም ነገር ተገኘ» ይመጣል። እኔ ተፈትታ ትታይ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። በጽሑፍ ያልኩህን ልብ በል። ደብዳቤ በሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገህ ይዘህ ትወጣለህ። በቃል የጠየቅከውን ማንም አያስታውስልህም። ስትፈታ ሻንሲዋ ግራ በኩል ታጥፏል። ግምቱ ከ600,000 ወደ 950,000 ወጣ። የጥገናው ወሬም በዚያው ቀረ፣ ቶታል ሎስ ተባለች።

የባለቤቴ ወንድም እኮ ይኸን ሳያደርግ ነው ያሠራው። ቀለሟ ያምር ነበር። ከዚያ መሪዋ ወደ አንድ በኩል እየሳበ፣ ጎማ እየበላች፣ በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ራስ ምታት። ኢንሹራንሱን እንዳይጠይቅ «ሙሉ ክፍያ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ወረቀት ፈርሟል። በስንት ብር እንደሸጣት አልነግርህም፣ አሁንም ሲነሳበት ይከፋዋል።

3. ቅሪቷ፣ ማለትም ተገጭታ የቆመችው መኪና ራሷ። ዋናው ይኸ ነው።

ቶታል ሎስ ስትባል ሁለት መንገድ አለ። ወይ ሙሉውን ተቀብለህ መኪናዋን ከነሊብሬዋ ታስረክባለህ፣ እነሱ በጨረታ ይሸጧታል። ወይ የቅሪቷ ዋጋ ተቀንሶልህ ራስህ ትወስዳታለህ። ሁለተኛውን ሁሉም አይፈቅዱም፣ የሚፈቅዱትም ራሳቸው አያነሱልህም፣ ካልጠየቅክ አትሰማውም። እኔ ስጠይቅ ቅሪቷን በ700,000 ገመቱብኝ። እንግዲህ አስበው። ለመኪናዋ ሲከፍሉ «አሮጌ ናት፣ የሃያ ዓመት ዕቃ»፣ ቅሪቷን ለእኔ ሲሰጡ ደግሞ ወርቅ ሆነች። ያቺው መኪና፣ ያው ጠረጴዛ!

ይኸን ለመከራከር ካሳ ክፍል ሄድኩ። ወንድሜን አስከትዬ ነበር፣ እሱ ሹፌር ሆኖ ነው የመጣው። የሚያስተናግደኝ ሰውዬ ሊብሬው ላይ የእኔ ስም ተጽፎ፣ ውሉ በእኔ ስም ሆኖ፣ የሚያወራው ከወንድሜ ጋር ነው። እኔ እጠይቃለሁ፣ ለእሱ ይመልሳል። በመጨረሻ «ባለቤትሽ ይምጣና እንነጋገር» አለኝ። ባለቤቴ መስክ ነው የሚሠራው፣ ለዚያውም መኪና መንዳት አይችልም። ደሜ ፈላ። አልጮህኩም። ቤቴ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከታች «ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» ብዬ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፣ እነሱም አይረሱትም። በሚቀጥለው ስመጣ ወንበር ተሳበልኝ። «እሜቴ፣ ሻይ ቡና?» ተባለ።

ግን ግልባጩ ብቻ አይበቃም፣ ማስረጃ ያስፈልግሃል። ሶማሌ ተራ ሄጄ የመኪና ዕቃ ነጋዴዎችን፣ ከዚያ የማውቃቸውን ጋራዦች አነጋገርኩ። መኪናዋን አይተው «እንደቆመች በዚህ ዋጋ እንገዛለን» የሚል ወረቀት በማኅተም ሰጡኝ። ከ520,000 እስከ 580,000 ነው ያሉት። ወረቀቶቹን አያይዤ አስገባሁ፣ ቅሪቷ በ560,000 ተቆረጠች። ከ1,200,000 ላይ 560,000 ሲነሳ 640,000፣ ከዚያ ተቀናሹ። መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። አልቸኮልኩም። ሞተሯና ካምቢዮዋ ጤነኛ ነበሩ። ቆይቶ አንድ የራሱ ኮሮላ ሞተሯ የከዳችው ሰው 690,000 ሰጠኝ። 130,000 ብር ትርፍ ማለት ነው፣ ሰውዬው ባለቤትሽ ይምጣ ባለኝ ጉዳይ። ይኸን በየሰርጉ አወራለሁ፣ አልደብቅህም።

የአንተም ሞተር ካልተነካ እንደዚሁ አድርግ። ሞተሩ ከተመታ ግን ተዋት፣ አስረክባትና ገንዘብህን ተቀበል። ብድር ካለብህ ደግሞ ቅድሚያ ለባንኩ ስለሆነ ከእነሱ ጋር ቀድመህ ተነጋገር።

ስትሸጣት በውክልና ብቻ ሰጥተህ እንዳትገላገል። ደላላው «ስም ማዛወር ምን አስቸኮለህ» ይልሃል። በሕጋችን መኪና ለምታደርሰው ጉዳት ባለቤቷ ተጠያቂ ነው፣ ሊብሬው ላይ ስምህ ካለ የሚፈለገው አንተ ነህ። ነገ ቀጥቅጠው መንገድ ላይ ቢያወጧትስ? ውልና ማስረጃ ሄደህ ሽያጩን ተዋዋል፣ ስሙንም አዛውረህ ጨርስ።

የሚተካትን በተመለከተ ብዙዎች «ኤሌክትሪክ ግዛ» ብለውሃል፣ አይቻቸዋለሁ። ግቢ ያለው ይግዛ። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ መኪናው የሚቆመው የጋራ ሜዳ ላይ ነው። ሶኬቱን ከየት ላምጣ? ገመድ በበረንዳ ላውርድ? ቤተሰብ ጥየቃ ክፍለ ሀገር ስንወጣ ደግሞ ቻርጅ ፍለጋ ልጆች ይዞ መንከራተት አልፈልግም። አንተም ኮንዶሚኒየም ነኝ ብለሃል። ስለዚህ እኔ የገዛሁት ሌላ አሮጌ ኮሮላ ነው፣ ትንሽ ጨምሬ።

ግን ስትገዛ የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፣ የሻጩን ሳይሆን የራስህን። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ እግድና ዕዳ እንደሌለባት መዝገብ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት አጣራ። ሊብሬው ንጹሕ ነው ብለህ አትመን፣ ኮፈኖ አስከፍተህ ብየዳ ፈልግ። እኔ ካየኋቸው አንዷ ከስር ሙሉ ብየዳ ነበረች፣ ሻጩ «አንድ ሐኪም ነው የነዳት» እያለ ነበር። እንደኔና እንደአንተ ዓይነት የተገጩ መኪኖች የሚሄዱት የት ይመስልሃል?

አዲሱን ኢንሹራንስ ስትገባ በዛሬ ገበያ ዋጋ አስመዝግብ፣ ፕሪሚየሙ ቢጨምርም። ካሳ ስለወሰድክ የነበረህ የፕሪሚየም ቅናሽም ሊቀር ይችላል፣ አትደንግጥ።

አሁን ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ውሉ ላይ በስንት ተመዝግባለች፣ የጋራዡ ግምት ስንት ነው፣ ተፈትታ ታይታለች ወይ? የግምት ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ ስምህንና ታርጋህን ሸፍነህ። ሰኞ ቢሮ ከመሄድህ በፊት አየዋለሁ።