ሃይብሪድ መኪናዎን ለወራት አቁመው ሲሄዱ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ለስድስት ወር ያህል ርቄ እሄዳለሁ። የ2012 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቶዮታ ፕሪየሴ ጋራዥ ውስጥ ትቆማለች። አንዱ ‹ባትሪውን ነቅለህ ሂድ› ይለኛል። ሌላው ‹በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ያስነሱልህ› ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ትልቁ ባትሪ ነው። ቁልፉን ለእህቴ ሰጥቼ መሄድ እችላለሁ። ምን ይሻለኛል?»

የመጀመሪያው ምክር ደህና ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛውን ይተዉት።

መኪናዎ ሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሠራ) ስለሆነች ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ ያስፈራል፤ መኪናዋን ገትሮ የሚያስቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው። ትንሹ ባለ 12 ቮልቱ ሲሆን የእርስዎ ሞዴል ላይ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ተቀምጧል። ሥራው ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) ማብራት ነው። ዘበኛው ካልከፈተ ባለቤቱም አይገባም እንደማለት ነው፤ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ትንሹ ከሞተ መኪናዋ ድምፅ አታሰማም። ደግሞም መኪናዋ ጠፍታም አላርሙ፣ የሪሞቱ መቀበያና ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ ያደክሙታል። ያረጀ ባትሪ ከሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይበቃዋል።

ትልቁስ? መኪናዋ ስትጠፋ ሪሌዎቹ ስለሚለያዩት ከእሱ የሚስብ የለም። በራሱ ጊዜ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሙቀት ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ችግሩ የሚመጣው በጣም ከወረደ በኋላ ነው። ፕሪየስ እንደ ሌላው መኪና ሞተሪኖ የላትም። የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው ራሱ ትልቁ ባትሪ ነው። እሱ አቅም ካጣ ሞተሩ አይነሳም፤ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ባትሪው አይሞላም። 28 ሞጁሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ስለሆነ በቤት ቻርጀር አይሞከርም። ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ብርቱካናማ ገመድ ያዩበት ቦታ ሁሉ እጅዎን አያስገቡ።

ስለዚህ ትንሹን ነቅለው ትልቁን ስድስት ወር ሙሉ ቢረሱት አደጋ አለው። አምራቹም በየሁለትና ሦስት ወሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ ወይም 16 ኪሎ ሜትር እንድትነዳ ይመክራል። እኔ በወር አንዴ ቢሆን እመርጣለሁ።

የእርስዎ ጉዳይ እንግዲህ እህትዎ ላይ ነው። መንዳት ከቻለች በወር አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ታሽከርክራት። በመሃሉ ትንሹን ባትሪ በሁለት መንገድ መጠበቅ ይቻላል። ጋራዡ ውስጥ መብራት ካለ፣ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ የማቆያ ቻርጀር ይሰኩለት። ሲገዙ ኤጂኤም ለሚባለው የባትሪ ዓይነት (ትንሹ ባትሪዎ እንዲህ ያለ ነው) የሚሆን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ድሮ ከባድ መኪና የሚሞላበትን ትልቅ ቻርጀር አያገናኙበት። መብራት ከሌለ በ10 ቁጥር ቁልፍ ነጌቲቩን ገመድ ብቻ ይፍቱት። ከመፍታትዎ በፊት መኪናዋን ፒ (ፓርክ) ላይ አድርገው ያጥፉና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኮምፒውተሮቹ ሥራቸውን ጨርሰው ይተኙ። ቁልፉም ከመኪናዋ ይራቅ። አጠገቧ ከተሰቀለ ሲነጋገሩ ይከርማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያዝበት ነገር አለ። የፕሪየስ የኋላ በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ነጌቲቩን ፈትተው በሩን ጠርቀም ካደረጉት ባትሪው ውስጥ፣ እርስዎ ውጭ! መውጫው ግን አለ። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አለች፤ በእሷ የሹፌሩን በር ይክፈቱ። የኋላ ወንበሩን አጥፈው ወደ ኋላ ይግቡና የኋላ በሩን ከውስጥ ይመልከቱ፤ ከታች በኩል ትንሽ ክዳን አለች፤ እሷን ሲያነሱ የአደጋ ጊዜ መክፈቻ ማንሻው ይገኛል። ትንሹ ባትሪ ሞቶ በኬብል ማስነሳት ከፈለጉ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድም አያስፈልግ። የፊቱን ኮፈን ያንሱ፤ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ፖዘቲቭ መያዣ አለ። ነጌቲቩን ቀለም በሌለው ብረት ላይ ይያዙ። ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ካቀያየሩ ግን የሚቃጠለው ፊውዝ ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህንን ሁሉ ከመሄድዎ በፊት ለእህትዎ በእጇ አስነክተው ያሳዩዋት። በስልክ ማስረዳት ስቃይ ነው።

መንዳት ካልቻለችስ? በየሁለት ሳምንቱ ሬዲ የሚለው መብራት እስኪበራ አስነሥታ፣ ፒ ላይ አድርጋ፣ አንድ ሰዓት ያህል ታቆያት። ነጌቲቩ ተፈትቶ ከሆነ መጀመሪያ መልሳ ትሰር። ሬዲ ካልበራ ትንሹ ባትሪ አይሞላም፤ ሬድዮ መክፈቻው ላይ ብቻ ከቆመች እንዲያውም እየጨረሰችው ነው። ኤን (ኒውትራል) ላይም አትተዋት፤ ኤን ላይ ትልቁ አይሞላም። ሞተሩ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጥ።

ግን ይህ በፍጹም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይደረግም። ሃይብሪድ ዝም ስትል የጠፋች ትመስላለች፤ ባትሪው ሲወርድ ሞተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። መኪናዋን ወደ ደጅ አውጥታ ነው ማስነሳት ያለባት።

ያ የአምስት ደቂቃው ምክር የሚያናድደኝ ደግሞ እንዲህ ስለሆነ ነው፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚፈጠረው ውሃ ሳይተን ዘይቱና ጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራል። ትንሹ ባትሪም ያወጣውን ሳይመልስ ይቀራል። በየሳምንቱ እንዲህ ከማድረግ ባይነኳት ይሻላል።

የቀረው ቀላል ነው። ቤንዚን ይሙሉ፤ ባዶ ታንክ እርጥበት ይሰበስባል፣ ትልቁ ባትሪም የሚሞላው በቤንዚን ነው። ዘይቱ መቀየሪያው ከደረሰ ከመሄድዎ በፊት ይቀይሩት። ጎማዎቹን በር ላይ ከተጻፈው 4 ወይም 5 ፒኤስአይ አስበልጠው ያስነፉ፤ እህትዎ ስትነዳ ግን ወደ ልኩ ትመልሰው። የፓርኪንግ ፍሬኑን አይያዙ፣ ሸራው ሊጣበቅ ይችላል። ፒ ላይ አድርገው ጎማዎቹን በታኮ ያስይዙ። ከኋላ ወንበሩ በቀኝ በኩል ያለውን የትልቁን ባትሪ አየር መሳቢያ ይጥረጉ፤ ሻንጣም ልብስም አይደግፉበት። ፍርፋሪ አይተዉ። አይጥ ገመድ ከበላ ወጪው ከባትሪው አይተናነስም።

ሲመለሱ ጎማውን ወደ ልኩ ይመልሱና መጀመሪያ ባዶ መንገድ ላይ ቀስ ብለው ይንዱ። ፍሬኑ ቢንኳኳ ወይም ቢፋጭ ዲስኩ ዝጎ ነው። ሃይብሪድ ላይ ይህ ዝገት ቶሎ አይለቅም፤ ፍሬን ሲይዙ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሆነ ሸራው ዲስኩን ብዙም አይነካውም። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዱ ማርሹን ኤን ላይ ያድርጉና ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ ያድርጉ። ኤን ላይ የሚይዘው ሸራው ብቻ ስለሆነ ጥቂት ጊዜ ሲደጋግሙት ዲስኩ ይጠራል። ድምፁ ካልጠፋ ጎማውን አስፈትተው ያሳዩ።