ፖሊስ ይዘምታል ወይስ ይሰማራል?

ጥያቄ፦ የዜና አርታኢ ነኝ። ለሰላም ማስከበር ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ፖሊሶች በተጻፈ ዜና ላይ አንድ ባልደረባዬ «ዘመቱ» የሚለውን ሰርዘው «ተሰማሩ» አሉበት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የሚዘምተው ወታደር ነው» አሉኝ። እውነት ፖሊስ አይዘምትም? «ሰላም አስከባሪ ፖሊስ» ማለትስ ያስኬዳል? «ተልእኮ» በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍም ቢነግሩኝ።

መልስ፦ ባልደረባዎ የመረጡት ቃል የተሻለ ነው፤ የሰጡት ምክንያት ግን ሚዛን አይደፋም።

ዘመቻ የጦር ቃል ሆኖ መኖሩ አያከራክርም። ወደ ኮሪያ የተሻገሩት የቃኘው ሻለቃ አባላት እስከ ዛሬ «የኮሪያ ዘማቾች» ይባላሉ። ይሁን እንጂ ቃሉ ከጦር ሰፈር ከወጣ ቆይቷል። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ወደ ገጠር የተላኩት ተማሪዎችና መምህራን ዘማቾች ተብለዋል፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም መሣሪያው ጠመኔ ነበር። ዛሬ የጽዳት ዘመቻ አለን፣ የክትባት ዘመቻ አለን። መጥረጊያ የያዘ ሰው ከዘመተ ፖሊስ የማይዘምትበት ምክንያት አይታየኝም።

የ«ዘመተ» ችግር ሌላ ነው። ዘመቻ በአንድነት ተነሥቶ፣ አንድን ነገር ለመጣል ወይም ለማጥፋት ተሄዶ፣ ሲያበቃ የሚመለሱበት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሚሠራ ፖሊስ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይሠራም። ከየአገሩ በነጠላ ተመርጦ ይመጣል፤ አንዱ በወረዳ ጣቢያ ከአገሬው መርማሪ ጎን ይቀመጣል፣ ሌላው ምልምሎችን ያሠለጥናል፣ ሌላዋ የተደፈሩ ሴቶችን አቤቱታ አቀባበል ታስተምራለች። ለዚህ «ተሰማራ» በልኩ የተሰፋ ቃል ነው። እረኛ ከብቱን መስክ ላይ ሲያሰማራ ሁሉም በየፊናው ይበተናል፤ «ስምሪት» የሚለው የቢሮ ቃላችንም የወጣው ከዚያው ግስ ነው። አንድ ነገር ግን ልለይ። 140 ገደማ አባላት ይዘው በጓድ የሚላኩ፣ የታጠቁና ሁከት ለመቆጣጠር የሠለጠኑ የፖሊስ ኃይሎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ላይቤሪያ የሄደው የሕንድ ሴት ፖሊሶች ጓድ ከነዚህ አንዱ ነበር፤ በሴቶች ብቻ የተዋቀረ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የፖሊስ ጓድ ነው። ስለ እንዲህ ዓይነቱ «ዘመተ» ቢባል እኔ በቀይ ብዕር አልሰርዘውም።

ይልቅ የአርታኢ ዓይን የሚያስፈልገው «አስከበረ» ላይ ነው። ከበረ፣ አከበረ፣ አስከበረ። «አከበረ» ያልነው ሰው ራሱ አክብሯል፤ «አስከበረ» ስንል ግን ሌላው እንዲያከብር አድርጓል ማለታችን ነው፤ ከግሱ ጀርባ የማዘዝ ሥልጣን ቆሟል። «ሰላም አስከባሪ» የረጋ ስያሜ ስለሆነ ከፖሊስ ጋር ቢሰለፍ ነውር የለበትም። ዘጋቢው ከስያሜው ተነሥቶ «ፖሊሶቹ ሕግ እያስከበሩ ነው» ሲል ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው በጥቂት ቦታ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሶቮና በምሥራቅ ቲሞር እውነት ነበር። አስተዳደሩን ራሱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተረከበ፤ ለቲሞር የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 1,640 ፖሊሶች ፈቀደ። እነዚያ ፖሊሶች ያዙ፣ መረመሩ፣ ጎን ለጎንም የአገሩን ፖሊስ ከመሠረቱ አቋቋሙ። «አስከበሩ» ቢባል ያምርባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ ናሚቢያ የገቡት ግን ሰው የማሰር ሥልጣን አልነበራቸውም። 1,500 ያህል ነበሩ፤ ሥራቸውም በደቡብ አፍሪካ አስተዳደር ሥር የነበረውን የአገሩን ፖሊስ እግር በእግር እየተከተሉ ሥነ ምግባሩን ማየት ነበር። ለእነርሱ ግሱ «ታዘቡ» ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው፤ «ታዘበ» አየ፣ ተመለከተ ማለት ብቻ ሳይሆን «ታዘብኩህ» እንደምንለው ጥፋትን አይቶ በሆድ መያዝም ነው። ለናሚቢያው ሥራ ሁለቱም ትርጉም ሳይስማማው አይቀርም።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት የአብዬ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2011 በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1990 የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ሲቋቋምለት የኢትዮጵያ ወታደሮች ገቡ፤ ከተሰጡት ተግባራት አንዱም የአብዬን ፖሊስ ማጠናከር ነበር። ሁለቱ ወገኖች በጋራ ያቋቁሙታል የተባለው ፖሊስ ግን ለዓመታት ሳይቋቋም ቆየ። የድርጅቱ ፖሊሶች ታዲያ የሚያጠናክሩት ፖሊስ ቢያጡ ነዋሪው ያቆማቸውን የጥበቃ ኮሚቴዎች ማሠልጠንና ማማከር ያዙ። እንዲህ ያለውን ሥራ «ፖሊሶቹ በአብዬ ሕግ አስከበሩ» ብሎ መዘገብ ስሕተት ነው። አሠለጠኑ፣ አማከሩ፣ አገዙ፤ ቀላል ግሶች ናቸው፣ የሆነውንም ይናገራሉ።

ሳይጠየቅ የምጨምረው አንድ አለኝ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የቆጵሮስ ተልእኮ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ፖሊሶቹን ከወታደሩ ለመለየት ሲቪል የሚል ቅጽል ይሰጣቸው ነበር። ያንን ቃል በቃል «ሲቪል ፖሊስ» ብሎ መተርጎም የአማርኛ አንባቢን ሲቪል ለባሽ ክትትል ያሳስበዋል። ፖሊሶቹ ግን የየአገራቸውን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ሰማያዊ ቆብ ደፍተው በአደባባይ የሚሄዱ ናቸው። «ፖሊስ» ይበቃል።

«ፖሊስ አስታወቀ» ሲባል ተቋሙ ነውና በነጠላ ይሁን፤ ሰዎቹን ሲቆጥሩ «ፖሊሶች» ወይም «የፖሊስ አባላት» ይበሉ።

«ተልእኮ» ከግእዙ «ለአከ» የወጣ የ«መልእክት» እና የ«መልአክ» ዘመድ ነው፤ ስለዚህ በ«አ» ቤት «ተልእኮ» ተብሎ ይጻፋል። ጋዜጦች «ተልዕኮ» ማለቱን ስለለመዱ የሚያነበው ሰው አይደናገርም፤ በአንድ ዜና ውስጥ ሁለቱንም ማቀላቀል ግን አርታኢው ተኝቶ ነበር ያሰኛል።